ሬሕማና ስሙ ያልረጋው ሕመም

ካርቱም ሁለት፣ ኅዳር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለዶክተር አምኃ፣ ጅማ

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ባለፈው በስልክ «የታመመው ማነው? አንቺ ነሽ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ እዚህ መፈንቅለ መንግሥት ሆነና ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፋ፤ መንገዱም በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ ከረመ። ሲጨነቁ እንደሰነበቱ አውቃለሁና ይቅር ይበሉኝ። አሁን ኔቱ ቢመለስም አንዴ አለ አንዴ የለም። ነገሩም በአጭር መልእክት የሚያልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በምትበር ሴት እጅ ይህን ሰደድኩልዎ።

እኔ አይደለሁም፤ ሬሕማ ናት። ለእማዬ ለቅሶ የመጡ ጊዜ አይተዋታል። እማዬን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት፣ ረዘም ያለችው፣ የመርሳዋ ልጅ። እማዬ ካረፈች በኋላ ካፉሪ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ገብታ ትሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ እኔ ጋ እየመጣች የዐረብኛ ፊደል አስተምራት ነበር፤ እሷ ደግሞ አማርኛዬን ታርምልኛለች። እዚህ ተወልጄ እዚህ ስላደግኩ አማርኛዬ ይንሻፈፋል፤ ይኸው ይህንን ሲያነቡም ሳይስቁ አይቀሩም።

ከነሐሴ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ወሎ ስልክ የለም። እናቷ መርሳ ናት። ትኑር፣ ትሙት፣ ትሰደድ የሚነግራት ሰው አጣች። እንቅልፏ ጠፋ፤ መብላት ተወች፤ እቃ እያጠበች መሃል ላይ ቆማ ትቀር ጀመር። መዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንግጣ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደቻት። ዶክተሩ የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ ጨርሶ «ፉሳም» ብሎ ጻፈ። እናንተ ስኪዞፍሬንያ የምትሉት ነው። መድኃኒትም አዘዘ።

በማግሥቱ መዳሟ ደወለችልኝ። «ማህሌት፣ ያላ፣ ነይና ውሰጃት። ልጆች አሉኝ፤ ፈራሁ» አለች። ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አላድስም፣ በገላባት ድንበር በኩል በአውቶብስ እልካታለሁ ብላ ነበር። ወዴት ነው የምትልካት ጋሼ? ስልክ ወደማያነሳ አገር! በአምጃድ ታክሲ ሄጄ አመጣኋት። ሬሕማ በሩ ላይ ሻንጣዋን ታቅፋ ቆማ «ማሂዬ፣ እብድ ነሽ አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። ግን በምን አውቄ?

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሐኪም ይህን ስም ለሰው የሚሰጠው ምን ቆጥሮ ነው? ማንስ ቁጠሩ አላቸው? ካወቅሁ እከራከርላታለሁ። ካላወቅሁ ዝም ብዬ ላስቀምጣት ነው፤ ያን ደግሞ አላደርገውም።

እህትዎን ያስታመመች ልጅ መሆኗን አይርሱብኝ።
ማህሌት

——

ጅማ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህሌት

ደብዳቤሽ እጄ ገባ። አንቺ አለመሆንሽን ሳነብ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ በእፎይታዬ አፈርኩ። ሬሕማን አልረሳኋትም። እህቴን ከአልጋ ስታነሣ እንዴት አድርጋ ክንዷን እንደምታስገባ ቆሜ አይቻለሁ። ስለ ጉልበቴ እንተወው።

የጠየቅሽውን እነግርሻለሁ፤ ግን ቀጥተኛ መልስ የለውም። ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ የምለው ይኼንኑ ነው። ለወባ ደም ታይቶ ይነገራል። ለዚህ ሕመም የሚታይ ደም፣ የሚነሣ ራጅ የለም። ያለን ሰውየው የሚናገረው፣ የሚያደርገው፣ የቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ቁጭ ብለው ይህ ይህ ካለ፣ ይህን ያህል ከቆየ ይህን ስም እንስጠው ብለው ተስማሙ። መስፈርት የምንለው ያ ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ ይሻሻላል።

የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም የሕሙማኑን ታሪክ እየሰበሰበ፣ በወጣትነት ጀምሮ እየባሰ የሚሄድ ያለውን ሕመም ለይቶ አወጣ። ያለ ዕድሜው የመጣ የአእምሮ መፍረስ ብሎ ጠራው። በእሱ ዓይን ዋናው ምልክት መጨረሻው ነበር፤ አይድንም ማለት ነው። በፈረንጆች 1908 አንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም ተነሥቶ፣ ሁሉም አይፈርስም፣ ሁሉም በወጣትነት አይጀምረውም ብሎ ስሙን ለወጠው። ስኪዞፍሬንያ አለው፤ ሐሳብና ስሜት መሰንጠቁን ለማለት ነው። የእሱ ችግር ደግሞ በሩን በጣም መክፈቱ ነው፤ ዝም ያለ፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊገባበት ሆነ።

ቀጥሎ በ1930ዎቹ ሌላ ጀርመናዊ መጣና ለሥራ የሚመች ዝርዝር አወጣ። በሽተኛው «እሱ እንዲህ አደረገ» እያሉ ስለ እሱ የሚያወሩ ድምፆች ይሰማል ወይ? ሐሳቤን ከጭንቅላቴ ሰው ይወስድብኛል ይላል ወይ? ሐሳቤ ለሰው ሁሉ ይሰማል ይላል ወይ? ከእነዚህ አንዱ በግልጽ ካለና ሌላ የአካል ሕመም ከሌለ፣ በቃ፣ ስኪዞፍሬንያ ነው አለ። ዝርዝሩ አጭርና ቀላል ስለሆነ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ሥራ የበዛበት ሐኪም እስከ ዛሬ ይወደዋል። ያ የክሊኒኩ ሰውም የተጠቀመው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን ሥራሽን ስሚ። አንደኛ፣ የተሰጣትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለተኛ፣ ያን ቀን ምን እንዳለች ቃል በቃል ጠይቂያት፤ በምን ቋንቋ እንዳለችውም። ሦስተኛ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። እኔ ሳላያት ነው ወይም አይደለም አልልሽም፤ አትጠይቂኝ።

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥሽ።
አምኃ

——

ካርቱም ሁለት፣ ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ አምኃ፣

ሰላምታዬ እንደ ናይል ይብዛልዎ። ለገና «እንኳን አደረሰዎ» ሳልል በመቅረቴ አዝናለሁ፤ በዓሉ ያለፈን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንዞር ነው። ጉልበትዎን ደብቀውኛል፤ አልቀየምኩም፤ ግን አልረሳሁትም።

ያሉኝን አደረግሁ። ሬሕማን «ያን ቀን ለዶክተሩ ምን አልሽው?» አልኳት። የሷ ዐረብኛ የኩሽና ዐረብኛ ነው፤ አማርኛውን በልቧ ይዛ ቃል በቃል ነው የምታወጣው። «ሥራ ላይ ለምን ትቆሚያለሽ?» ብሏታል። ሐሳብ ይወስደኛል ልትለው ፈልጋ፣ በዐረብኛው «ሐሳቤን ይወስዱታል» የሚመስል ነገር ወጣት። «እናትሽ ደህና አለመሆኗን ማን ነገረሽ?» ሲላት ደግሞ «በጥኒ ከለመኒ» አለችው፤ ሆዴ ነገረኝ ማለቷ ነው። ዐረብ ጆሮ ሲሰማው ግን ሆዷ አፍ አውጥቶ ያወራታል! መዳሟ አጠገቧ ቁጭ ብላ «አዎ፣ ከራሷ ጋር ታወራለች» ብላ አጸናችው።

ጋሼ፣ ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ዶክተር ኦመር ዘንድ ሄድኩ። ጠና ያለ ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ይሠራል። ጸሐፊው ወረፋው ሞልቷል ብሎ መለሰኝ። በማግሥቱ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም ሬሕማን ይዤ ተመለስኩ። በመጨረሻ ዶክተሩ ራሱ በሩን ከፍቶ «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ተቀጥረሻል እንዴ?» አለኝ።

«አንድ ሰው በቋንቋዋ እስኪሰማት ድረስ ተቀጥሬያለሁ» አልኩት።

አስገባን። እኔ ላስተርጉም ስል «ቆይ፣ አንቺ የምትፈልጊው መልስ አለሽ» ብሎ ሌላ አስተርጓሚ አስመጣ፤ ዛኪር የሚባል፣ የስደተኞች ጉዳይ ላይ የሠራ የደሴ ሰው። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበር። ሬሕማ እንድኖር እፈልጋለሁ ስላለች ከኋላ ተቀመጥኩ።

ዶክተሩ «ሐሳብሽን ማን ነው የሚወስደው?» አላት።

«ሐሳቤን የሚወስድማ የለም። ሐሳብ ነው እኔን የሚወስደኝ» አለች።

ዛኪር ሲተረጉም ፈገግ አለ። «ይህ የኛ አባባል ነው፤ ሰው ሲያስብ ጊዜ የምንለው» ብሎ አስረዳ። ዶክተር ኦመር ብዕሩን አስቀመጠ። ሆዷንም አስረዱት። እንቅልፏን ጠየቃት። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እናቴ ስሜን ትጠራኛለች አለች፤ ያ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው አላት። በጣም ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። በመጨረሻ «ዛሬ ባየሁት ፉሳም ብዬ አልጽፍም። ከባድ ሐዘንና ጭንቀት ነው የማየው። መድኃኒቱን ቀስ እያልን እንቀንሳለን፤ በየወሩ ትምጣ» አለ።

ስንወጣ ሬሕማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ካፉሪ ለመዳሟ ደወልኩና ነገርኳት፤ ኢቃማውን ልታድስ ተስማማች፤ ሥራው ግን በሌላ ሰው ተይዟል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ጎረቤት ሁሉ ጠርቼ «አሸነፍን» አልኩ።

መርሳ ስላለችው እናቷ ጠይቀውልኝ እንደሆነ፣ ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ።
ያሸነፈችው ማህሌት

——

ጅማ፣ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ስሟን አልጠራሁም። «ሐሳብ ነው እኔን የሚወስደኝ» የሚለው ላይ አንዱ «ድገምልን» አለኝ። ሁላችንም ስንት ጊዜ እንዲህ ተሳስተን ይሆን ብለን ነው።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩልሽም፤ «አሸነፍን» የምትዪው። ማንን ነው ያሸነፍሽው? የነገርኩሽን ታሪክ እንደ ዱላ ይዘሽዋል። ቀሪውንም ስሚው። በፈረንጆች 1960ዎቹ ለንደንና ኒው ዮርክ ያሉ ሐኪሞችን የሚያስተያይ ጥናት ተደረገ። ኒው ዮርክ ስኪዞፍሬንያ የሚሉትን ብዙውን ለንደን ሌላ ስም ይሰጠዋል። በሽተኛው ያው ነው፤ የሐኪሙ ልማድ ነው የሚለያየው። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖቹ በ1980 ጠበቅ ያለ መስፈርት አወጡ፤ ምልክቶቹ ስድስት ወር ካልቆዩ ስሙን አትስጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አንድ ወር ይበቃል ይላል። ለዚያ ለጀርመናዊው አጭር ዝርዝር የሰጡትን የበላይነትም አሜሪካኖቹ በፈረንጆች 2013 አነሡት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ዘንድሮ በሥራ ላይ ባዋለው ላይ አላልቶታል።

ይህን የምነግርሽ ለምንድን ነው? ጊዜው የተጨመረው በሰው ላይ በችኮላ እንዳይፈርዱ ነው። በችኮላ ነፃ ማውጣትም ችኮላ ነው። ዶክተር ኦመር «ዛሬ ባየሁት» ነው ያለው። ቃሉን ልብ በይ። አንቺ ደግሞ ደስ ብሎሽ ጎረቤት ጠርተሻል፤ ሬሕማ አንድ ቀን የምትነግርሽ ሌላ ነገር ቢኖራት፣ ያን ሁሉ ደስታ አልፋ እንዴት አንቺ ጋ ትደርሳለች? በሩን አትዝጊባት።

የመርሳውን እየጠየቅሁ ነው። የሰማሁት ነገር አለ፤ ሳላረጋግጥ አልጽፍም። ክፉ ነው ብለሽ አትተርጉሚው፤ ደግ ነውም አትበዪ።

በትዕግሥት ቆዪኝ።
አምኃ

——

ካርቱም ሁለት፣ መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የሬሕማን እናት ስልክ ቁጥር ያገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ እጅዎን እስማለሁ። ይህን ያህል ዝም ማለቴን ግን ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። «ከእናቷ ጋር ተገናኘች ወይ? ለምን አትጽፊም?» ብለው የላኩትን መልእክት አይቼ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የሰጡኝ ቁጥር ላይ ደወልን። የጎረቤት ስልክ ነው፤ ሻምበል የሚባል ሰው አነሣና «ቆዩ፣ ትጠራ» አለ። ውጭ ሰው ሲሮጥ ይሰማል። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። «ሬሕማ? ልጄ? እኔ ነኝ።»

ሬሕማ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ማሂዬ፣ ላንቺም ይሰማሻል?» አለችኝ።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። ተቀብዬ አዳመጥኩ። ሴትየዋ «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች። «ይሰማኛል፤ እናትሽ ናት፤ አለች» አልኳት። ያኔ ነው ስልኩን ነጥቃ የጮኸችው። ብዙ አወሩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እናቷ ቤቷ ውስጥ ናት፤ ከብቶቹ የሉም፣ ሰው ግን ተርፏል።

ስልኩ ሲዘጋ «ስንት ጊዜ ነው የማይሰማኝን ድምፅ የሰማሽው?» አልኳት። እንደዚህ ነበር ያልኩት፤ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

«እናቴን ብቻ አይደለም» አለች። «ሁለት ሴቶች አሉ። አላውቃቸውም። አንዷ ‹አሁን ሰሃኑን አነሣች› ትላለች፤ ሌላዋ ‹ትሰብረዋለች› ትላለች። ቀኑን ሙሉ። እኔን አያናግሩኝም፤ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካፉሪ እያለሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሩቅ ነበሩ።»

«ለዶክተር ኦመር ለምን አልነገርሽውም?»

ወደ መሬት አየች። «ሐሳብ፣ ሆድና እንቅልፍ ነው የጠየቀኝ። ሌላውን ልነግረው ስል አንቺን አየሁሽ፤ ከኋላ ተቀምጠሽ ትስቂ ነበር፤ ደስ ብሎሽ። እንዴት ላበላሽብሽ?»

ዶክተር ኦመር ዘንድ ሄድን። እኔ ውጭ ቀረሁ፤ በራሴ ፈቃድ። ዛኪር ገባ። ደም አስመርምሮ፣ የራስ ምስል አስነሥቶ፣ ሌላ ሕመም አለመሆኑን ካየ በኋላ አስጠራኝና ጻፈው። ያንኑ ቃል ጋሼ፤ ፉሳም። ያ ሻይ ጠጪ ሰውዬ የጻፈውን ቃል!

ተሸነፍን ማለት ነው? ያን ሁሉ የታገልኩት ለምንድን ነው? ከበር በር የተመላለስኩት ይህንን ለማጻፍ ነው? እርስዎ ያውቁ ነበር አይደል? ንዴቴ በእርስዎ አይደለም፤ ግን ለእርስዎ ካልጻፍኩት ለማን ልጻፈው?

ማህሌት

——

ጅማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ፣

አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ለማን ልጻፈው ላልሽው፣ ለእኔ ጻፊው። ስትናደጂም ጻፊልኝ።

«ያንኑ ቃል» ብለሻል። ያው ቃል አይደለም። የመጀመሪያው ሐኪም ቃሉን የጻፈው በተሳሳተ ትርጉም ላይ ነው። የገመተው ቢገጥምለትም አላያትም፤ ሐሳቧን የሚወስድባት ሰው የለም፤ ሆዷም አያወራም። በዚያ ወረቀት የተጻፈችው ሌላ ሴት ነበረች። ዶክተር ኦመር የጻፈው ስለ ሬሕማ ነው፤ ሰምቶ፣ ጠብቆ፣ ሌላውን አጣርቶ። «ማንን ሰምተህ ጻፍክ?» ሲባል የሚመልሰው አለው። ትግልሽ ያመጣው ይህንን ነው፤ ትንሽ አይደለም። አንቺ ባትገፊ ኖሮ ገላባት ላይ ወርዳ በዚያ ወረቀት ትቀር ነበር፤ ስለ ሁለቱ ሴቶች የሚጠይቃት ሐኪምም አታገኝም ነበር።

ሌላው ደግሞ ይህን ቃል የምትፈሪው ያ የመጀመሪያው ጀርመናዊ እንደፈራው ስለሆነ ነው። መጨረሻው መፍረስ ነው ብሎ ነበር። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ያሉ ሕሙማንን በአንድ ዓይነት ጥያቄ መርምሮ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ አያቸው። የባሰባቸው ነበሩ፤ ጥቂት የማይባሉት ግን ተሽሏቸው ሲሠሩ፣ ቤት ሲመሩ ተገኙ። ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ በድሆቹ ብዙዎች ተሽሏቸው መገኘታቸው እስከ ዛሬ ያከራክረናል፤ ምክንያቱን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም። ግን በር የተዘጋበት ሕመም አለመሆኑን እነግርሻለሁ። እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በላይ የማያቸው ሰዎች አሉኝ። አንዱ ልጆቹን ድሮልኛል፤ ሠርጉ ላይ በልቻለሁ።

ስለዚህ ልቅሶውን አቁሚና ሥራ ያዢ። መድኃኒቱ የሚስማማትን መጠን እስኪያገኙ ይቆያል፤ እንቅልፍ ያበዛባታል፣ ትወፍር ይሆናል፤ ንገሪያት፣ አትደብቂያት። ስሙንም ራሷ ትወቀው። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ስንት ጊዜ እንደታረመ እኔ ለአንቺ እንደነገርኩሽ አንቺ ለእሷ ንገሪያት። ስለ እሷ የተባለውን ከእሷ አትሰውሪ። ስለ እሷ የሚያወሩ ሁለት ሴቶች ይበቋታል።

ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ተደርጌያለሁ፤ አሁን በእግሬ እሄዳለሁ። የደበቅሁሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው።

ከእሷ ጋር ጸኚ።
አምኃ

——

ካርቱም ሁለት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቀዶ ሕክምናውን በሰማሁ ማግሥት ልመጣ ነበር፤ ሬሕማን ትቼ መምጣት ስላልሆነልኝ ነው። ደግሞ በምርኩዝ መሄድዎን ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ከራስዎ ሳይሆን ከሰው።

«መድኃኒቱ ተስማማት ወይ?» ላሉት፣ የመጀመሪያው አልተስማማትም፤ ምላሷ ይከብዳት፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶክተር ኦመር ቀየረው። ሁለቱ ሴቶች አልሄዱም፤ ግን ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ሄዱ ትላለች። አንዳንድ ቀን ጨርሶ ዝም ይላሉ። በረመዳን መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስድ ከሐኪሙም ከሼኩም ጋር ተነጋግራ ራሷ ወሰነች።

ታሪኩንም ነገርኳት፤ በአንድ ቀን አይደለም። ልብስ እያሰጣን፣ ገበያ እየሄድን፣ ትንሽ ትንሽ። ስለ መጀመሪያው ጀርመናዊ ስነግራት ተቆጣች። «መጨረሻዬን እሱ በምን አየው?» አለች። ስሙ የተሰነጠቀ ማለት ነው ስላት ረጅም ጊዜ አሰበችና «እኔ አልተሰነጠቅሁም። ሁለቱ ናቸው የገቡብኝ፤ እኔ አንድ ነኝ» አለች። ይህን ለዶክተር ኦመር ነገረችው። «እዚህ ላይ አንቺ ትበልጪያለሽ፤ ስሙን እንቀይረው የሚሉ ሐኪሞችም አሉ» አላት። ጃፓኖች ቀይረውታል ብሎም ነገራት። እሷ ግን የሚቀየረው ስም እስኪመጣ አልጠበቀችም።

እዚሁ ካርቱም ሁለት ኒዕማ የምትባል የወሎ ሴት ምግብ ቤት አላት። ሰው ትፈልጋለች ሲባል ሰምታ፣ ሬሕማ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። በር ድረስ ልሸኝሽ ብዬ ለምኜ ነው የሄድኩት። ኒዕማ እጇን እያበሰች ወጣች። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ተባባሉ። ሥራው ይኸው ነው፣ ነገ ጀምሪ አለቻት። ሬሕማ ግን አልሄደችም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሕመም አለብኝ። ድምፅ እሰማለሁ። መድኃኒት እወስዳለሁ። በዐረብኛ ፉሳም ይሉታል» አለች።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኒዕማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቢላ ይዘሽ ታስፈሪኛለሽ?»

«ሰው ነክቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤ ሌላ ሰው አያውቁም።»

«እሺ፣ መቼ ነው የሚለቅሽ?»

«የሚያውቅ የለም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ሕመም ሲጽፉና ሲያርሙ ኖረው ገና አልጨረሱም። እኔን አንድ ዓመት ታገሺኝ። ካቃተኝ ራሴ እወጣለሁ።»

ኒዕማ ወንበሯን አስጠጋች። ከዚያ «የኔ ወንድምም እንዲህ ነበር፤ አስረን ነው ያኖርነው» አለች። ተነሥታ ሽርጥ አመጣችና ሰጠቻት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉ ነገር ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ምግብ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ሬሕማ የለችም። ደንግጬ ወደ ኋላ ዘለቅሁ። ኩሽናው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የሽንኩርት ጆንያ ፊቷ ተከፍቷል። ፊቷ ላብ በላብ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ዛሬ ቀርበውኛል። ጮኸውብኛል። ለኒዕማ ‹ዛሬ ከሰው ፊት አታቁሚኝ፣ ከኋላ ሥራ ስጪኝ› አልኳት። ሰጠችኝ።»

«እንሂድ፣ ልውሰድሽ፤ ዶክተሩ ጋ እንደውል።»

«ደውዬለታለሁ፤ ነገ ጠዋት ነይ ብሎኛል። አሁን ይህ ጆንያ አለብኝ።» ሽንኩርት አነሣች። ለእኔ ያልተሰማኝን አንድ ነገር ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «‹አትጨርሰውም› እያሉ ነው» አለችኝ።

ቢላ ፈልጌ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ከለከለችኝ። «አንቺ ሂጂ ማሂዬ። ሥራሽ አለ» አለችኝ። ሄድኩ ጋሼ። ለመሄድ የከበደኝን ያህል ምንም ነገር ከብዶኝ አያውቅም፤ ግን ሄድኩ። ሲመሽ በእግሯ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«ጨረስኩት» አለች፤ ጫማዋን አውልቃ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ከሁለታችንም ሰላምታ፤
ማህሌት